ቮልስና ሴይቼንቶ በአዲስ አበባ አየር

«ቮልስ ይሻላል»፣ «የለም፣ ሴይቼንቶ ነው እንጂ» የሚለው ክርክር በከተማችን ከግማሽ ምዕተ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አለው። በጋራዥ ደጃፍ፣ በቡና ቤት በረንዳ፣ አንዳንድ ጊዜም በመምህራን ክበብ ውስጥ ሲነሣ እንሰማለን። ተከራካሪዎቹ የሚጠቅሷቸው ቁጥሮች አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛ ናቸው፤ የአንዱን የፈረስ ጉልበት፣ የሌላውን ከፍተኛ ፍጥነት በቃላቸው ይዘውታል። የሚጎድለው ቁጥሩ የት ቦታ፣ በምን ሁኔታና በየትኛው ዘዴ ተለካ ብሎ የመጠየቅ ልማድ ነው። ይህ ልማድ በቡና ቤት ቢጎድል አያስደንቅም። ፊዚክስ በምናስተምርበት ክፍል ውስጥም መጉደሉ ግን ሊያሳስበን ይገባል እንላለን። ተማሪዎቻችን ጉልበት ማለት ኃይል በፍጥነት ሲባዛ ነው የሚለውን ቀመር ያለ ስሕተት ይጽፋሉ፤ ከመስኮቱ ውጭ የቆመችው አሮጌ መኪና በሰዓት ከ115 ኪሎ ሜትር በላይ ለምን እንደማትሄድ ብንጠይቃቸው ግን «ሞተሯ ስለደከመ» ከማለት አያልፉም።

በመሆኑም ሁለቱን መኪኖች በዚሁ ቀመር ልንመዝናቸው ወደድን።

ቮልስ የምንለው ቮልስዋገን በፈርዲናንድ ፖርሸ መሪነት ተነድፎ እ.ኤ.አ. በ1938 መልኩን የያዘ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብዛት መመረት የጀመረና የመጨረሻው እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 በሜክሲኮ ፑዌብላ ከፋብሪካ የወጣ መኪና ነው። በጠቅላላው 21,529,464 ተመርቷል። ፊያት 600፣ በጣሊያንኛ ስሟ ሴይቼንቶ፣ የኢንጂነር ዳንቴ ጃኮዛ ሥራ ስትሆን ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1955 በጄኔቭ የመኪና ትርኢት ላይ ነው። በጣሊያን ምርቷ እ.ኤ.አ. በ1969 ቢያበቃም በስፔን በሴአት፣ በዩጎዝላቪያ ደግሞ በዛስታቫ ስም ከዚያም በኋላ ተመርታለች። አዲስ አበባ ሁለቱንም በሚገባ ታውቃቸዋለች፤ ሴይቼንቶን ሰማያዊና ነጭ ቀለም ቀብታ ታክሲ አድርጋታለች፣ ቮልስን ደግሞ የመምህሩ፣ የሐኪሙና የመንግሥት ሠራተኛው መኪና አድርጋ እስከ ዛሬ ታሽከረክረዋለች።

ለንጽጽራችን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የተመረተውን ባለ 34 የፈረስ ጉልበት ቮልስ 1200 እና እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣችውን ባለ 25 የፈረስ ጉልበት ሴይቼንቶ «ዲ» እንውሰድ። የቮልስ ሞተር መጠን 1192፣ የሴይቼንቶ 767 ኩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። ቮልስ 740 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ሴይቼንቶ 600 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናሉ። የአምራቾቹ ሰነድ ለቮልስ በሰዓት 115፣ ለሴይቼንቶ 110 ኪሎ ሜትር ከፍተኛ ፍጥነት ይሰጣል። ሁለቱም ሞተራቸው ከኋላ ነው፣ ሁለቱም አራት ሲሊንደር አላቸው። የቮልስ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተጋድመው በአየር ይቀዘቅዛሉ፤ የሴይቼንቶዎቹ በአንድ ረድፍ ቆመው በውኃ ይቀዘቅዛሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በአሜሪካ ገበያ ይኸው የቮልስ ሞተር ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ይሸጥ ነበር። ማንም አልዋሸም። የጀርመኑ ደንብ ሞተሩ ማራገቢያውን፣ የአየር ማጣሪያውንና የጭስ ማውጫውን ይዞ እንዲለካ ያዛል፤ በዘመኑ የነበረው የአሜሪካ ደንብ ግን እነዚህ ጉልበት የሚበሉ ዕቃዎች ወልቀው እንዲለካ ይፈቅድ ነበር። የስድስት ፈረስ ልዩነት የመጣው ከሞተሩ ሳይሆን ከአለካኩ ነው። በጋራዥ ደጃፍ ላይ «የኔ ባለ 40 ነው»፣ «የኔ ባለ 34» እየተባባሉ የሚከራከሩ ሁለት የቮልስ ባለቤቶች አንድ ዓይነት ሞተር ይዘው ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ፊዚክሱ እንግባ። በሜዳ ላይ በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚሄድ መኪና ሁለት ተቃውሞ ይገጥመዋል፤ የጎማና የአየር። የጎማው ተቃውሞ ከመኪናው ክብደት አንድ ነጥብ አምስት በመቶ ገደማ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። ሁለት ሰው የያዘ ቮልስ 890 ኪሎ ግራም ይሆናልና የጎማው ድርሻ 130 ኒውተን ነው። የአየሩ ተቃውሞ ከአየሩ እፍጋት፣ ከመኪናው የፊት ስፋት፣ ከቅርጽ ቁጥሩና ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል። የቮልስ የፊት ስፋት 1.8 ካሬ ሜትር ገደማ፣ የቅርጽ ቁጥሩ 0.48 አካባቢ ነው። በሰዓት 115 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 32 ሜትር ሲሄድ በባሕር ወለል አየር የሚገጥመው ተቃውሞ 530 ኒውተን ይሆናል። ሁለቱን ደምረን በፍጥነቱ ብናባዛ 21 ኪሎ ዋት እናገኛለን። 34 የፈረስ ጉልበት 25 ኪሎ ዋት ነው፤ ከዚህ ውስጥ 15 በመቶው በካምቢዮውና በጎማው መካከል ቢባክን ለጎማው የሚደርሰው 21 ኪሎ ዋት ነው። የሰነዱ 115 ኪሎ ሜትር ከየት እንደመጣ በግማሽ ገጽ ስሌት ታየ ማለት ነው።

ለሴይቼንቶ ስሌቱን ወደ ኋላ እንሂድበት። ጉልበቷንና ከፍተኛ ፍጥነቷን ስለምናውቅ የቅርጽ ቁጥሯን ያለ ነፋስ ዋሻ መገመት እንችላለን። 25 የፈረስ ጉልበት በተመሳሳይ ብክነት ለጎማው 15.6 ኪሎ ዋት ያደርሳል። በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ይህ 510 ኒውተን ተቃውሞን ብቻ ሊያሸንፍ ይችላል። የጎማውን 110 ኒውተን ስንቀንስ 400 ኒውተን ለአየር ይተርፋል። የፊት ስፋቷን 1.55 ካሬ ሜትር ብንል የቅርጽ ቁጥሯ 0.46 ገደማ ይወጣል። ግምት እንደመሆኑ ሁለተኛዋን አኃዝ አጥብቀን አንከራከርላትም። ሆኖም «ቮልስ ክብ ስለሆነ አየር አይዘውም» የሚለው ብሂል ጨርሶ እንደማይጸና ከዚህ ይታያል። ሳጥን የምትመስለው ትንሿ ሴይቼንቶ ከእርሱ አትብስም። ለዓይን ክብ የሚመስል ነገር ሁሉ ለአየር ክብ አይደለም፤ የቮልስ የተነጠሉ ጭቃ መከላከያዎች፣ የእግር መርገጫውና ቀጥ ብሎ የቆመው መስተዋቱ አየሩን ያምሱታል።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ በባሕር ወለል ነው። አዲስ አበባ ግን በ2,355 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን እፍጋቱ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሞተር የሚያቃጥለው ነዳጅ በሚያስገባው ኦክስጅን ልክ ስለሆነ የሁለቱም መኪኖች ጉልበት በሩብ ይቀንሳል። ቮልስ 34 ፈረስ ይዞ ከቮልፍስቡርግ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲደርስ 25 ቀርተውታል፤ ሴይቼንቶም ከ25ቱ 19 ብቻ ይዛ ትገባለች። በአነጋገር ዘይቤ ካየነው የአዲስ አበባ ቮልስ የቱሪን ሴይቼንቶን ጉልበት አለው።

ታዲያ በሜዳ ላይ ፍጥነቱ በሩብ ይቀንሳል ማለት ነውን? አይደለም። ሞተሩን የነፈገው ስስ አየር የሚጋፋውንም ኃይል በሩብ ይቀንስለታልና። ስሌቱን ስንደግመው ቮልስ በሜዳ 112 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል፤ ያጣው ሦስት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ይህን የሞከረ ባለ መኪና ከፍታ በሞተር ላይ ምንም አያደርግም ብሎ ሊደመድም ይችላል። ያስተዋለው እውነት ነው፣ ድምዳሜው ግን ስሕተት ነው፤ ስሕተቱንም የሚያጋልጠው ዳገት ነው።

በዳገት ላይ ዋነኛው ተቃዋሚ የመኪናው ክብደት ነው፣ ክብደት ደግሞ በከፍታ አይሳሳም። በየመቶ ሜትሩ አሥር ሜትር በሚወጣ መንገድ ላይ አራት ሰው የያዘ ቮልስ በባሕር ወለል 59 ኪሎ ሜትር በሰዓት መውጣት ሲችል በአዲስ አበባ 47 ይሆናል። ሴይቼንቶ ከ52 ወደ 41 ትወርዳለች። እነዚህ አኃዞች ሞተሩ ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጥበት ማርሽ ሁልጊዜ ይገኛል ብለን ያሰላናቸው ናቸው። በአራት ማርሽ ብቻ የሚሠራ ሾፌር ግን ከዚህም ያነሰ ነው የሚያገኘው፤ ሦስተኛው አልበቃ ብሎት ወደ ሁለተኛው ሲወርድ ወደ እንጦጦ የወጣ ሁሉ ሰምቶታል።

ጭነትም እኩል አይጎዳቸውም። ባዶአቸውን ሳሉ ቮልስ በቶን 46፣ ሴይቼንቶ በቶን 42 የፈረስ ጉልበት አላቸው። እያንዳንዳቸው 70 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ አራት ሰዎች ሲገቡ ቮልስ ወደ 33፣ ሴይቼንቶ ወደ 28 ይወርዳሉ። ቀላል መኪና በተሳፋሪ ብዛት የበለጠ ይጎዳል። በሌላ በኩል ግን ሴይቼንቶ አንድ ሰው ለማጓጓዝ 150 ኪሎ ግራም ብረት ስትጠቀም ቮልስ 185 ይጠቀማል። አራት ሰው በ3.2 ሜትር ርዝመት ውስጥ ማስቀመጥ፣ ያንንም በ600 ኪሎ ግራም መፈጸም፣ በእኛ ግምት ከቮልስ ንድፍ የላቀ የአእምሮ ሥራ ነው። የኋላ ጎማዎቿ አያያዝም ከቮልስ የተሻለ ነው፤ የዘመኑ ቮልስ የኋላ ጎማዎች ኩርባ ላይ ዘንበል የማለት ጠባይ ስላላቸው በፍጥነት የገባ ሾፌር ጭራው ሊያመልጠው ይችላል።

እንግዲህ ሴይቼንቶ የተሻለች ንድፍ ከሆነች ቮልስ ለምን ይበልጥ ዘለቀ? መልሱ በአንድ የማይታይ ቁጥር ውስጥ ይገኛል ብለን እናምናለን። የሁለቱ ሞተሮች የፒስተን ጉዞ እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ የቮልስ 64፣ የሴይቼንቶ 63.5 ሚሊ ሜትር። ቮልስ ግን ከፍተኛ ጉልበቱን በደቂቃ በ3,600 ዙር ሲሰጥ ሴይቼንቶ ከ4,500 ዙር በላይ መዞር አለባት። የቮልስ ፒስተን አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 7.7 ሜትር ሲሆን የሴይቼንቶ ከ9 ሜትር ይበልጣል። በአንድ ሊትር የሞተር መጠን ቮልስ 28.5፣ ሴይቼንቶ 32.6 የፈረስ ጉልበት ይሰጣሉ። የቮልስ መሐንዲሶች ሞተሩ የበለጠ መተንፈስ እየቻለ ሆን ብለው አፍነውታል፤ በጀርመን ፈጣን መንገዶች ላይ ቀኑን ሙሉ እግር ከቤንዚን ሳይነሣ እንዲሄድ ፈልገው ነበርና። ከፍተኛ ፍጥነቱና የዘወትር ፍጥነቱ አንድ እንዲሆኑ የተሠራ ሞተር ቶሎ አያረጅም። ሴይቼንቶ ከታናሽነቷ የተነሣ ዘወትር በአቅሟ ጫፍ ትሠራለች፤ በአዲስ አበባ ዳገት ደግሞ ጫፉ ራሱ ወደ ታች ወርዶ ይጠብቃታል።

የማቀዝቀዣውን ነገር ባጭሩ እንለፈው። በ76 ኪሎ ፓስካል ግፊት ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሴይቼንቶ ራዲያተር ክዳኑ ግፊት እስከያዘ ድረስ ይህ ብዙ አያስጨንቅም፤ የክዳኑ ጎማ ካረጀ ግን ከመፍላት የሚጠብቃት ርቀት በስምንት ዲግሪ ያጥራል። የቮልስ ማራገቢያ የሚያስገባው አየር በሩብ ቢሳሳም ሞተሩ የሚያመነጨው ሙቀትም በሩብ ገደማ ስለሚቀንስ ሁለቱ ይካካሳሉ። እርሱም ቢሆን ነቀፋ አያጣም፤ በዚያ ዘመን ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው ከሦስተኛው ሲሊንደር ፊት ተደንቅሮ ነፋሱን ስለሚከለክለው ያ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡሬተር ደግሞ በእኛ ከፍታ ከአየሩ አንጻር 15 በመቶ ያህል ትርፍ ነዳጅ ያፈሳል። ጥቁር ጭስ የሚተፋ ቮልስ ሁሉ አርጅቷል ማለት እንዳልሆነ መካኒኮቻችን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእጃቸው ያውቁታል።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር ቁልቁለቱን እንዲያስብልን እንጠይቃለን። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። አራት ሰው የያዘ ቮልስ 1,000 ሜትር ሲወርድ 10 ሚሊዮን ጁል ኢነርጂ የሆነ ቦታ ማራገፍ አለበት፤ ሴይቼንቶ 8.6 ሚሊዮን። ሁለቱም በአራቱ ጎማ ያላቸው ፍሬን ባለ ታምቡር ነው። የአራቱ ታምቡሮች ብረት በድምሩ 20 ኪሎ ግራም ነው እንበል። የቮልስ ኢነርጂ በሙሉ በዚያ ብረት ውስጥ ቢከማች የብረቱ ሙቀት ከ1,000 ዲግሪ በላይ በጨመረ ነበር። በእርግጥ አየር ያቀዘቅዘዋል፣ ሞተሩም በዝቅተኛ ማርሽ ይይዛል። ነገር ግን ማርሹን ዜሮ አድርጎ ቤንዚን ለመቆጠብ የሚወርድ ሾፌር ይህን ሁሉ እሳት ለታምቡሩ ብቻ ይተዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዙን ይተዋል። በሞተር መያዝም ቢሆን ከላይ በስስ አየር ከታች ይልቅ ደካማ ነው፤ ሞተሩን ወደ ኋላ የሚጎትተው የአየር ግፊት ራሱ ቀንሷልና። በአራት ሰው ፈንታ ስድስት የጫነች ሴይቼንቶ የምታራግፈው ኢነርጂ በ16 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከአምራቾቹ ሰነድ በየትኛው ገጽ ይህ ተጽፏል? ከፍተኛ ፍጥነት በደማቅ ፊደል ይታተማል፤ መኪናው ምን ያህል ኢነርጂ ሳይቃጠል ሊያራግፍ እንደሚችል ግን አይነገርም። ዛሬ በዚያው መንገድ የሚወርዱት ሚኒባሶችና የጭነት መኪኖች የሚመሩት በዚሁ ሕግ ነው፤ ሕይወትና ሞትም የሚለያዩት በዚህ ቁጥር ነው እንጂ በፈረስ ጉልበት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2024 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ወሬው ሁሉ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞሯል። ደግ ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ በአዲስ አበባ ጉልበቱ አይቀንስበትም፣ የአየሩ መጋፋት ግን በሩብ ይቀንስለታል፤ ቁልቁለት ሲወርድም ኢነርጂውን በከፊል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ይሁንና ባትሪው ከባድ ነው፣ ዳገትም ክብደትን ይቆጥራል፤ ባትሪው ሞልቶ ቁልቁለት የጀመረ መኪና ደግሞ ኢነርጂውን የሚመልስበት ቦታ የለውም። «በአንድ ሙሌት ይህን ያህል ኪሎ ሜትር» የሚለው የሻጭ ወረቀትም በእኛ ዳገት ላይ አልተለካም። የትናንቱን የፈረስ ጉልበት ሳንጠይቅ የተቀበልን ሰዎች የዛሬውንም እንዲሁ እየተቀበልን ነው።

ለትምህርት በውጭ አገር በቆየንበት ጊዜ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች አሮጌ ሞተር ፈትተው፣ ለክተው፣ መልሰው ሲገጥሙ አይተናል። ያንን የሚያስመኝ ሀብት እዚህ በየግቢው ሣር በቅሎበት ተቀምጧል። ፋኩልቲው አንድ ቮልስና አንዲት ሴይቼንቶ በስጦታም ሆነ በግዢ አግኝቶ ለላቦራቶሪ እንዲያውላቸው እንጠይቃለን። ዋጋቸው ከውጭ ከሚመጡ ብዙ የማስተማሪያ መሣሪያዎች አይበልጥም፤ ሲበላሹም የሚጠግናቸው ሰው ቅርብ ነው። እየተሸጡና ለመለዋወጫ እየተፈቱ ስለሆነ ነገ እናገኛቸዋለን ብሎ መተው ግን አያዋጣም።

የመጀመሪያው ሙከራ የሩጫ ሰዓት ብቻ ይበቃዋል። ሜዳ መንገድ ላይ መኪናውን ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ አድርሶ ማርሹን ዜሮ ማድረግ፣ ከዚያም ፍጥነቱ ከ60 ወደ 50 ለመውረድ የሚፈጀውን ጊዜ መለካት። የነፋስና የመንገድ ዘንበልታ እንዲጣጣ በሁለቱም አቅጣጫ ይደገማል። በእኛ ስሌት ሁለት ሰው ለያዙት ለሁለቱም መኪኖች ጊዜው 11 ሰከንድ ገደማ ሲሆን ልዩነታቸው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ብዙም አይዘልም። የሰው እጅ ሰዓት ሲጫን ከዚህ በላይ ይስታል። ስለዚህ በዚህ ፍጥነት ሁለቱን ለመለየት ብዙ አሥር ጊዜ መደጋገም ያሻል፤ ብልኅ ተማሪ ግን የጎማውን ተቃውሞ ለብቻ ለማግኘት ከ20 ወደ 10፣ የአየሩን ለማግኘት ደግሞ ከ90 ወደ 80 መለካት እንዳለበት ሳይነገረው ይደርስበታል። የመኪኖቹ ባለቤት የሆናችሁ አንባቢያን አንድ እሑድ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ብታውሱን ቤንዚኑን እኛ እንሞላለን።